እርሳሳችን እርሳስ የለውም

በእርሳስ ስንጽፍ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር እርሳስ (ሊድ) የሚባለው ከባድ ብረት አይደለም። ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን፣ የከሰል ዘመድ ነው። በስም መምታታት ቆርቆሮም አለበት፤ ቆርቆሮ ቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ስም ቢሆንም የመካነ ሰላም ጣሪያ ግን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው።

ካርቦን፣ ቲንና ሊድ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ የአንድ ምድብ ልጆች ናቸው፤ አቶማዊ ቁጥራቸው 6፣ 50 እና 82። ሦስቱም በውጨኛው ሼል 4 ኤሌክትሮን አላቸው። ካርቦን ኤሌክትሮኑን ይጋራል እንጂ አይሰጥም። በግራፋይት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከ3 ጎረቤቶቹ ጋር ጠብቆ ተያይዞ ንጣፍ ይሠራል። ንጣፍ ከንጣፍ ግን የላላ ስለሆነ ስንጽፍ እየተንሸራተተ ይቀራል።

ሊድ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኤሌክትሮን ይሰጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው! ካልሲየምም የሚሰጠው 2 ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ሊድን ካልሲየም መስሎት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የልጆችን አእምሮም ይጎዳል።

ሊድ የሚገኘው የመኪና ባትሪ ውስጥ ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ልጆች፣ የተጣለ ባትሪ ሰብራችሁ እንዳታቀልጡ! የእርሳሳችሁን ጫፍ ግን ብትልሱትም አይመርዛችሁም፤ ምላሳችሁ ይጠቁራል እንጂ።