ስለ ባልንጀራህ መጻፍ
አካሉ የተጎዳውን ሰው በጽሕፈት ስለ መርዳት

አንባቢ ሆይ፤ ፊደል ማወቅህ ለራስህ ብቻ የተሰጠህ ሀብት አይደለም። 38 ዓመት ታሞ የነበረው መጻጉዕ በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ የኖረው ውኃው ስለ ጠፋ አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስላጣ ነው እንጂ። ዛሬም እንዲሁ ነው። ሕግ ተጽፎአል፤ አበልም ተወስኖአል፤ ነገር ግን በሕጉና በተጎዳው ሰው መካከል አንድ ወረቀት አለ። ያን ወረቀት የሚሞላለት ያጣ ሁሉ በውኃው ዳር እንደ ተኛ ይቀራል።

በወረታ የምትኖር፥ ወይም ለትምህርት ከፎገራ ገጠር ወደ ወረታ የመጣህ ወንድሜ ሆይ፤ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅህ ይሰጥሃል። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባህ አሁን አስተውል።

አንደኛ፤ አስቀድመህ ሕጉን እወቅ።

በ2014 ዓ.ም. ሁለት የጡረታ አዋጆች ወጥተዋል፤ ቍጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ ቍጥር 1268 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። በጤና ጉድለት ምክንያት መሥራት ተስኖት ከሥራው የተለየ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ እንደ ሆነ ወር በወር አበል ይቀበላል፤ ከዚያ ያነሰ ያገለገለ ግን ዳረጎት ይሰጠዋል። በሥራው ላይ ሳለ የተጎዳ ሰው ደግሞ በሌላ ክፍል ይታያል። ስለዚህ ጉዳቱ መቼ፥ የትና በምን ሥራ ላይ ሳለ እንደ ደረሰበት ሳትጠይቅ ብዕርህን አታንሣ። የጉዳቱንም መጠን የሚመዝን የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ጸሐፊው አይደለም። የቦርዱን ማስረጃ ከቅጹ ጋር አያይዝ።

በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሩዝ የሚያመርት፥ የጡረታ መዋጮም ከፍሎ የማያውቅ ገበሬ ግን ይህን አበል ሊጠብቅ አይችልም። በከንቱ ተስፋ አታመላልሰው፤ ሌላውን በር አሳየው። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። መዋጮውን መክፈል የማይችል ድኃ በቀበሌው ተለይቶ ሲመዘገብ መንግሥት ይከፍልለታል። እንግዲህ የእርሱ ማመልከቻ ወደ ቀበሌው ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ እውነቱን መርምረህ ጻፍ።

የአገራችን ሰው መልካም ልማድ እዚህ ላይ ይጎዳዋል። የመንገድ ሥራ ሠራተኛ የነበሩ፥ እግራቸው የተሰበረ አንድ ሽማግሌ ወደ አንተ መጡ እንበል። መሥሪያ ቤቱ ጉዳታቸው ዛሬም እንዳለ እንዲገልጹ ቅጽ ሰጥቶአቸዋል። አንተም፦ «አባቴ፥ መራመድ ይችላሉን?» ብለህ ትጠይቃለህ። እርሳቸውም፦ «እግዜር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ፤ እራመዳለሁ» ይሉሃል። ይህ ምስጋና ነው እንጂ የሕክምና ምስክርነት አይደለም። «ይችላል» ብለህ ብትጽፍ ከአፋቸው የወጣውን ጻፍህ፤ ነገር ግን እንጀራቸውን ቆረጥህባቸው።

ስለዚህ ዳግመኛ ጠይቅ፦ «ከቤትዎ እስከ ገበያ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? ውኃ ማን ይቀዳልዎታል? ሌሊት ሕመሙ ያስነሣዎታልን? ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ከደጅ ይወጣሉን?» ያን ጊዜ እውነቱ ይገለጣል፤ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ፥ ልጃቸው ካልደገፈቻቸው አይነሡም፥ በክረምትም ከቤት አይወጡም። እንግዲህ ይህን እንዳለ ጻፍ። ደኅና ስለሚውሉበት ቀን ብቻ ሳይሆን ስለ ክፉውም ቀን ጻፍ።

ነገር ግን አንድ ቃል እንኳ አትጨምር። «ለነፍስህ ብለህ አብዛልኝ» የሚልህ ሰው ይኖራል። በበትር የሚሄደውን ፈጽሞ አይነሣም ብለህ ብትጽፍ ሐኪሞቹ በመረመሩት ጊዜ ውሸቱ ይገለጣል፤ ከዚያም በኋላ እውነተኛው ሕመሙ እንኳ አይታመንም። ርኅራኄ የሐሰት ምስክርነትን ጽድቅ አያደርግም።

ሦስተኛ፤ ክብሩን ጠብቅ።

በስሙ የተጻፈው ሁሉ የእርሱ ቃል ነው። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት፥ ወይም የጣቱን አሻራ ከማኖሩ በፊት፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት፤ አይደለም ያለውን አርም። ባዶ ወረቀት ላይ ከቶ አታስፈርመው። ስትጠይቅም ከልጁ ወይም ከደጋፊው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ተነጋገር፤ እግሩ ቢደክም አእምሮው አልደከመም። ያየኸውን ቁስልና የሰማኸውን ችግር በቡና ላይ አታውራ። ማመልከቻ መጻፍ መተዳደሪያህ ቢሆን ዋጋህን አስቀድመህ ንገረው፤ ከሚያገኘው አበል ግን ድርሻ አትጠይቅ።

አራተኛ፤ የጀመርኸውን ፈጽም።

ብዙ ሰው ቅጹን ሞልቶ ይሰጥና «በል እንግዲህ ሂድ» ይላል። አንተ ግን ማስረጃው ሁሉ መያያዙን ተመልከት፤ ቅጂውን አስቀርለት፤ መዝገብ ቤት ሲቀበለው ቍጥሩንና ቀኑን ጻፍለት። የመመለሻው ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠይቅ፤ እንዳያልፍበትም አስታውሰው። ጥያቄው ቢከለከል ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በአስተዳደሩ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ አለና ተስፋ አይቍረጥ።

ምናልባት «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ትል ይሆናል። በእርግጥ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ነገር ግን ሕግ በራሱ እግር ወደ ሰው ቤት አይሄድም። ከሰዓትህ አንዲቱን ብትሰጥ አንተን አያጎድልህም፤ ለባልንጀራህ ግን የዓመት ቀለብ ልትሆነው ትችላለች። ዛሬ በጎረቤትህ ሳይሞላ የተቀመጠ ወረቀት እንዳለ ሂድና ጠይቅ።