የምክር ቤት አባል ከሕዝቡ ጋራ ስለሚገናኝበት መንገድ

ይኽ ትምህርት የተጻፈው በየወረዳውና በየቀበሌው ስለ መሬትና ስለ እርሻ ሥራ ከገበሬው ጋራ ለሚነጋገሩ ሹማምንት፥ ይልቁንም ሕዝብ መርጦ ላስቀመጣቸው የምክር ቤት አባሎች ነው።

እንደሚታወቀው ገበሬው ስብሰባ ሲጠራ ይመጣል፤ ተቀምጦ ይሰማል፤ እጅ አውጡ ሲሉት ያወጣል። ከዚያም ወደ ቤቱ ገብቶ የቀድሞ ሥራውን ይሠራል። ሹሙም «ሕዝቡ ተስማምቶ ነበር፥ ነገር ግን ቃሉን አልጠበቀም» ብሎ ለበላዩ ይጽፋል። እኔ በጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን ስለ ኖርኹ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳለፈ ቈጥሬ አልጨርሰውም። ኾኖም ጸሓፊው ዝምታን እንደ መስማማት ስለ ቈጠረው፥ ስሕተቱ ከገበሬው ይልቅ የርሱ ነው።

ገበሬው በጉባኤ ፊት ዝም የሚልበት ምክንያት አለው። በቀድሞ ዘመን ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲታጣ፥ ያገሩ ሰው ኹሉ ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፥ የመጣም ሥራውን ፈትቶ ይውላል። በኋላም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶ በየ20 ጋሻው፥ ማለት በየ800 ሄክታሩ፥ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ስብሰባው በዛ። ስለዚህ ገበሬው «ስብሰባ» የሚለውን ቃል ሲሰማ መዋጮ ወይም ትእዛዝ እንደ መጣበት ያስባል፤ በብዙ ሰው ፊት ተነሥቶ መናገርም ራስን ማስመዝገብ ይመስለዋል።

በ2000 ዓ.ም. በተደረገው ያካባቢ ምርጫ የቀበሌው ምክር ቤት ወንበር ከ15 ገደማ ወደ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ይኽ ቍጥር ለአባሉ ሸክሙን ያቀለዋል፤ ምክንያቱም አንድ አባል የሚደርሰው የጥቂት ጎረቤቶቹ ቤት ብቻ ነውና። ነገር ግን ሦስት መቶው ኹሉ ባንድ አዳራሽ ተቀምጦ ያንድ ሰው ንግግር ብቻ የሚሰማ ከኾነ፥ ወንበሩ በዛ እንጂ የሚሰማው ሰው አልበዛም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንድ የደጋ ወረዳ የኾነውን ልንገራችሁ። የተራቈተ ተራራ ከከብት ተከልክሎ ሣርና ዛፍ እንዲያበቅል በስብሰባ ተወሰነ፤ ኹሉም አጨበጨበ። ክረምቱ ሲገባ ግን ፍየሎች በሌሊት ሲሰማሩበት ተገኙ። ዘበኛ ቢቀጠር ዘበኛው ተደበደበ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቅጣቱ ይጽና ብሎ ሲጽፍ፥ አንድ የምክር ቤት አባል፥ ራሱም ገበሬ የኾነ ሰው፥ «ቈዩኝ» ብሎ በማለዳ ወደ ምንጩ ወርዶ ተቀመጠ። ውሃ ለመቅዳት ከመጡት ሴቶች አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት እንዲህ አሉት፦ «አንተ ልጅ፥ ተራራውን ዘጋችሁት፤ የኔን አምስት ፍየል በምን እዘጋዋለሁ? መሬቴን በእኩል ያረሰልኝ ሰው ገለባውን ወስዶታል።» እርሱም «እናቴ፥ እርስዎ ምን ይበጃል ይላሉ?» አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኽን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደግሞም የተዘጋው ተራራ የሴቶቹ የምንጭ መንገድ ኖሯል፤ ባጥሩ ዙሪያ ለመኼድ ግማሽ ሰዓት ይጨምርባቸዋል። በስብሰባው ላይ ግን ከየቤቱ የመጣው አባወራው ነበርና ይኽን ማንም አላነሣውም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ተለጥፎ እያለ፥ ስለ መሬቱ ሲመከር አንደኛው ወገን ብቻ መጠራቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ በኋላ አባሉ ስብሰባ መጥራቱን ትቶ ሕዝቡ አስቀድሞ በሚገናኝበት ስፍራ ይኼድ ጀመር። በወሩ በ12 የሚካኤል፥ በ21 የማርያም ዕለት ገበሬው አያርስም፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ጠላና ዳቦ ይዞ ይቀመጣል። እስላሙ ዐርብ ከሶላት ሲወጣ እንዲሁ በመስጊዱ ደጅ ይቈያል። በእድር ዕለትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን የሐዘን ቀን ሲኾን የመንግሥት ነገር አይነሣም፤ ይኽን ሳያስተውሉ ተናግረው የተጠሉ ሹማምንት አሉ። በደቦ መካከል የሚኼድ ሰው ደግሞ ማጭድ ይዞ ይኺድ፤ ቆሞ የሚናገረውን አጫጆቹ በዘፈናቸው ይሸፍኑታል። ለሴቶቹ ግን ከቡና ሰዓት የሚሻል የለም። በአቦል ሰላምታ ነው፤ በቶና ያገሩ ወሬ ነው፤ እውነተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በበረካ ስለ ኾነ አባሉ ቸኵሎ አይነሣ። እረኞቹንም አይናቃቸው፤ ፍየሉ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ዐይነት ሁለት ወር ያኽል ከተመላለሰ በኋላ ነገሩ እንደ ገና ለጉባኤ ቀረበ፤ አኹን ግን የሚናገረው ሰው ሞላ። ወደ ምንጩ የሚያወርድ መንገድ እንዲከፈት፥ ሣሩ በጥቅምት እየታጨደ በዕጣ እንዲካፈል፥ ጕልበት የሌላቸው ባልቴቶች ከዕጣው በፊት ድርሻቸውን እንዲወስዱ፥ ቅጣቱንም ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲፈርዱ ተስማሙ። በሚቀጥለው ክረምት የተቀጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ያው የምክር ቤት አባል የእኅቱ ባል ነበር፤ አባሉም ስለ ርሱ አንድ ቃል ሳይናገር ቅጣቱ ተከፈለ። ይኽ ባይኾን ኖሮ የሁለት ወር ድካሙ ባንድ ቀን በጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአጽብሓ ቀበሌ ከዚህ የበለጠ ምስክር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፈሩ ታጥቦ ውሃውም ጠፍቶ ሕዝቡ ወደ ሌላ አገር ይስፈር እስከ መባል ደርሶ ነበር። እነርሱ ግን በመቅረት ተስማምተው እርከን ሠሩ፤ ቦዩን በድንጋይ ገደቡ፤ ጕድጓድ ቈፈሩ፤ ልቅ ግጦሽን «ስሪት» በሚባለው የራሳቸው ደንብ ከለከሉ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ተመልሶ በ2004 ዓ.ም. ቀበሌው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፤ እርከንና ክትር በሌላም ስፍራ በትእዛዝ ተሠርቶ ፈርሷል።

በ2006 ዓ.ም. ገበሬው በስልክ የእርሻ ምክር እንዲሰማ በ8028 ቍጥር አገልግሎት ተከፍቶ ነበር። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለመስማት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መኪናው ለባልቴቲቱ «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የምክር ቤቱን አባል ሥራ አይተካም።

የቀረው ነገር ስለ ደብተር ነው። ያ አባል የተጠየቀውን ኹሉ ከነቀኑ ይጽፍ ነበር፤ የጠያቂውን ስም ግን አይጽፍም፥ ሰው ይፈራልና። መልስ ሲያገኝ ጥያቄውን በሰማበት በዚያው ስፍራ ተመልሶ ይናገራል፤ መልስ ሲያጣም ተመልሶ «አላገኘኹም» ይላል። እኔ ደብተሩን ባየኹበት ጊዜ ከአርባ አንዱ ጥያቄ ዘጠኙ ገና አልተመለሱም ነበር፤ ከነርሱም አንዱ የምንጩ ግንብ መቼ ይጠገናል የሚል ነበር፤ በዚያውም ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ «አላገኘኹም» ለማለት ወደ ምንጩ ሊወርድ ይሰናዳ ነበር።