ከቦዩ ማዶ አትደር

የእህቴ ልጅ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያነሳኸው ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። ባለቤትህ ሌሊት ሆስፒታል፣ አንተ ቀን መሪ ላይ፤ እሷ ስትገባ አንተ ስትወጣ፣ አንድ ማዕድ ላይ አብሮ መቀመጥ ብርቅ ሆኖባችኋል። አሁን እንደ ምንም ኦፋችሁን አገጣጥማችሁ «ሁለት ሌሊት ባሕር ዳርቻ እንደር፣ ግን የት?» አልከኝ። በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ፤ አክስትህን ይዤም ከዚህ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ብዙ ተመላልሻለሁ። ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው የምነግርህ።

1. አሸዋና ውሃ ከኒው ጀርሲ እስከ ቨርጂኒያ ሞልቷል፤ ለእናንተ የጎደላችሁ አብሮ መራመድ ነው። ስለዚህ ከተማ ስትመርጥ መኪናህን አርብ አቁመህ እስከ እሑድ የማትነካበትን ምረጥ። ነገሩን አቅልለህ አትየው። መኪና ውስጥ የነጂው ዓይን መንገዱ ላይ ነው፤ ወግ ሲጀመር መታጠፊያው ይደርሳል፣ ስልኩ «ወደ ቀኝ» ይላል፣ ወሬው ይቆረጣል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ግን ዝም ቢሉም አብረው ናቸው፤ ለማለት የከበደው ነገርም በእርምጃ መካከል ይወጣል። እኔና አክስትህ ገና ስንተዋወቅ ሐዋሳ ላይ ከገብርኤል አደባባይ እስከ ሐይቁ በእግር እንወርድ ነበር። አሜሪካ ከመጣን በኋላ ያን ያህል ለማውራት ዓመታት ፈጀብን። መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ የምንሄደው ሁሉ በመኪና ስለሆነ ነው።

2. ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሦስት መንገድ ለካ፦ ከአልጋህ እስከ ውሃው፣ ከአልጋህ እስከ ቁርስ፣ ከአልጋህ ማታ መብራትና ሰው እስካለበት ቦታ። ስልክህ ካርታ ላይ የመኪናዋን ምልክት ትተህ የሚራመደውን ሰው ንካ። ሦስቱም ከአሥራ አምስት ደቂቃ ካልበለጡ ያዘው። ቀጥለህ የመንገዱን ፎቶ ክፈትና የእግረኛ መንገድ መኖሩን፣ ሀይዌይ መሻገር አለማስፈለጉን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ። ማታ ከእራት በኋላ ሚስትህን ይዘህ መኪና በሚበርበት መንገድ ዳር ለዳር መሄድ መዝናናት አይደለም።

3. በስም አትታለል። ይህን የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። ለጋብቻችን ሃያኛ ዓመት አክስትህን ላስደስት ብዬ የያዝኩት ሆቴል የባሕሩን ከተማ ስም ይዞ ነበር፤ አድራሻውም እንደዚያው። ስንደርስ ያገኘነው ሀይዌይ ዳር የቆመ ሕንጻ ነው፤ በአንድ ወገን የልብስ መሸጫ መደዳ፣ በሌላው ነዳጅ ማደያ። ባሕሩ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። በማግስቱ መኪና አስነስተን ወረድን፤ ፓርኪንግ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ዞርን። አክስትህ ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ይዛ ዝም ብላለች። በመጨረሻ «እዚህም ታክሲ ውስጥ ነኝ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሰማኝም ለዚያ ነው።

ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ያ ከተማ ዴላዌር ያለው ሪሆቦት ቢች ነው። ከተማው ራሱ ሁለት ስኩዌር ማይል አይሞላም፤ ፖስታ ቤቱ ግን ስሙን ከወሰኑ ውጭ ላለው ሰፊ አካባቢ ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ ሩት ዋን በሚሉት ትልቅ መንገድ ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች ሁሉ «ሪሆቦት ቢች» ናቸው። መለያው ቦዩ ነው። ከሉዊስ ከተማ ወደ ሪሆቦት የሚወርድ የጀልባ ቦይ ከተማዋን ከኋላዋ ካለው መሬት ይለያታል። ስትደውል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ «ከቦዩ በምሥራቅ ነው በምዕራብ?» በምሥራቅ ካሉህ በእግርህ ትኖራለህ። በምዕራብ ካሉህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው፤ የቀነሰልህን በፓርኪንግ ሚተርና በኩርፊያ ትከፍለዋለህ።

4. አሁን ከተማውን ልንገርህ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ባልና ሚስት እኔ የምመርጠው ይህንኑ ሪሆቦትን ነው፣ ከቦዩ በምሥራቅ ያለውን። ከቦዩ ድልድይ እስከ ባሕሩ በሪሆቦት አቬኑ ቀጥ ብለህ ብትወርድ አንድ ማይል አይሞላም፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱበት መድረክ አለ፣ ከእሱ ወዲያ አሸዋና ውሃ ነው። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቦርድዎክ የሚሉት የእንጨት መሄጃ ተዘርግቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ማይል ገደማ። ማታ ማታ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ተጋቢው። በሰመር ምሽቶች መድረኩ ላይ በነፃ ሙዚቃ አለ፤ ቆመህ ትሰማለህ፣ ሲበቃህ ትራመዳለህ።

ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። በእኛ መጽሐፍ ርኆቦት የሚለው፣ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ላይ ይስሐቅ ለቆፈረው ጉድጓድ ያወጣው ስም ነው። ከዚያ በፊት የተቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶች ጠብ አስነስተው ነበር፤ በሦስተኛው ማንም ስላልተጣላው ሰፊ ቦታ ብሎ ጠራው። ከተማዋን በ1873 የቆረቆሯት የሜቶዲስት ክርስቲያኖች ናቸው፤ በሰመር እየመጡ የሚሰፍሩባት የጸሎት ጉባኤ ስፍራ አድርገዋት ነበር። አክስትህ ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋን «ሪሆቦት» ብላ አታውቅም፣ እንደ መጽሐፉ ርኆቦት ነው የምትላት።

አርብ ከገባችሁ ጾሙ አያስጨንቃችሁ። ትራሸርስ የሚባል የድንች ጥብስ አለ፤ በለውዝ ዘይት የሚጠበስ፣ ኬቻፕ የማይሰጡበት፣ ኮምጣጤ የሚፈስበት። አንድ ባልዲ ገዝታችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ብትበሉ አርባችሁን አከበራችሁ። ከወፎቹ ግን ጠብቁት፤ ከእጅ ነጥቀው ይሄዳሉ። አሸዋው ላይ መጠጥ የተከለከለ ነው፣ ድንኳን መትከልም እንዲሁ፤ ጃንጥላ ይፈቀዳል።

በሁለተኛው ቀን ጉልበት ካላችሁ ሳይክል ተከራዩና ከከተማው በሰሜን በኩል ወዳለው የጎርደንስ ፖንድ መንገድ ውጡ። 2.6 ማይል ነው፣ መኪና አይገባበትም፤ በአንድ ጎን ረግረግና ውሃ ወለድ ወፎች፣ በሌላው የአሸዋ ኮረብታ። እዚያ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕሩን ለመጠበቅ የተሠሩ ክብ የኮንክሪት ማማዎች አሁንም ቆመዋል።

5. ጠባያችሁ ሌላ ከሆነ ሌላም ከተማ አለ። ባለቤትህ ማዕበል የምትፈራ ከሆነ ሉዊስን አስብ፤ ከሪሆቦት በስተሰሜን ጥቂት ማይል ነው። ሆላንዶች በ1631 የሰፈሩበት አሮጌ ከተማ ነው፤ ዳርቻው ወደ ዴላዌር ባሕረ ሰላጤ ስለሚያይ ውሃው የተኛ ነው። መደብሮቹ ካሉበት ሰከንድ ስትሪት እስከ አሸዋው ድልድይ ተሻግሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ማታ ግን በጊዜ ይተኛል፤ ለደከመው ሰው ይህ ራሱ ጥቅም ነው።

ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ ብዙ ሐበሻ የሚሄድበት ነው። ከተማው እንደ ገመድ የተዘረጋ ሆኖ የመንገዶቹ ቁጥር ከአንድ ጀምሮ ከመቶ አርባ በላይ ይወጣል፤ ቦርድዎኩ ግን 27ኛው መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የሆቴሉ መንገድ ቁጥር ከ27 በታች ይሁን። 90ኛው ላይ ካደርክ ባሕሩ አጠገብህ ነው፣ ከተማው ግን በአውቶቡስ ነው። ግርግር ለሚወድ ጥሩ ነው፤ ለእናንተ ግን ለዚህ ጊዜ አልመክርም።

ኒው ጀርሲ ያለው ኬፕ ሜይ ከሁሉም ውብ ነው ብል አላፍርም። በ1878 እሳት ከፊሉን አቃጥሎት እንደገና ሲሠራ ያን ጊዜ የነበረውን የእንጨት ቤት አሠራር ይዞ ቀረ፤ በረንዳው፣ ጥልፍ የመሰለው እንጨት፣ ቀለሙ። በ1976 ከተማው በሙሉ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሏል። ዋሽንግተን ስትሪት የሚባለው የገበያ መንገድ ከ1971 ጀምሮ ለመኪና የተዘጋ ነው። በሰመር ወደ አሸዋው ለመግባት ምልክት ይገዛል። ከሉዊስ በመርከብ 85 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን የመርከቡ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ስለሚል ለሁለት ሌሊት ብቻ መንገዱ ይበዛባችኋል። ሦስት ሌሊት ስታገኙ ሂዱ።

ቨርጂኒያ ስላለው የቺንኮቲግ ደሴትና ስለ ፈረሶቹ ጓደኞችህ ይነግሩህ ይሆናል። እውነት ነው ያምራል፤ ዳርቻው ግን አሳቲግ በሚባለው ሌላ ደሴት ላይ ስለሆነ ያለ መኪና ወይም ያለ ሳይክል አይደረስበትም። ለዚህ ጉዞ አይሆንም።

6. ጊዜውን ከመረጥክ እንቁጣጣሽን አስብ። ከሌበር ዴይ በኋላ ተማሪው ይመለሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ «ከሦስት ሌሊት በታች አናከራይም» የሚሉት ቤቶችም ይለሳለሳሉ፤ ባሕር ሙቀቱን ቶሎ ስለማይለቅ ውሃው ገና ሞቅ ያለ ነው። በጁላይ ካልሆነ ካልክ ከወራት በፊት ያዝ።

7. ሌሊት ሠርታ የወጣችውን ሰው በቀጥታ መኪና ውስጥ አትጨምራት። ትተኛ፤ ሦስት ሰዓት እንኳ ትተኛ። አንተም አርብ ከቀትር በኋላ በመንገዳችሁ ወዳለው ቤይ ብሪጅ አትጠጋ፤ በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ወደ ድልድዩ ይጎርፋል። ድልድዩ ከአራት ማይል በላይ ነው፣ ከፍታውም ልብ ያርዳል፤ የሚፈሩ ሰዎች ስላሉ ባለቤትህን አስቀድመህ ጠይቃት። በጠዋት ወይም ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ብትነሱ ከዚህ እስከ ሪሆቦት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስትመለሱም እሑድ ከምሳ በኋላ የሚነሳው ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ እራታችሁን እዚያው በልታችሁ ተነሱ።

8. ይህን በተለይ አደራ እልሃለሁ። እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ አብዛኞቻችን ዋና አልተማርንም፣ ባሕርንም እንደ ሐይቅ እናየዋለን። ዴላዌር ላይ አሸዋው ወደ ውሃው ቁልቁል ስለሚወርድ ማዕበሉ ዳር ላይ መጥቶ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ጉልበቱ ድረስ ብቻ የገባን ሰው አንስቶ በአንገቱ ይጥላል፤ በዚህ የተጎዱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለማዕበሉ ጀርባህን አትስጥ፣ ፎቶ ለመነሳትም ቢሆን። ውሃው ወደ ውስጥ ቢጎትትህ ወደ ዳር አትታገለው፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፣ ካልቻልክ ተንሳፍፈህ እጅህን አውለብልብ። የዋና ጠባቂዎች ባሉበት ፊት ለፊት ብቻ ግቡ። በመስከረም ጠባቂ የማይኖርባቸው ቀናት አሉ፤ ከፍ ያለው ወንበራቸው ባዶ ከሆነ እግራችሁን አርጥባችሁ ተመለሱ። ባለቤትህ ነርስ ናት፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ አንተን ነው የምፈራው።

9. ቡናውን ቤት ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ያዙ፤ ሆቴል ክፍል ውስጥ መቁላት የጭስ ማንቂያውን ያስጮኸዋል፣ እንግዳውን ሁሉ በሌሊት ልብስ ያስወጣዋል። ጀበናዋን ግን አትርሱ።

እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ውስጥ ነው። ባለቤትህ በዚያ ሰዓት ነቅታ መገኘት ለምዳለች፤ በሥራ ቀን ጎህ ሲቀድ መጋረጃ ዘግታ ለመተኛት የምትሮጥበት ሰዓት ነው። አንድ ጠዋት ብቻ ቡናችሁን በቴርሞስ ይዛችሁ ፀሐይዋን ቦርድዎኩ ላይ ጠብቋት። አንዳንድ ቀን ዶልፊኖች ከዳር ብዙም ሳይርቁ እየዘለሉ ያልፋሉ፤ አክስትህ መጀመሪያ ስታያቸው እጄን ይዛ ያለ ቃል ቆማለች።

ቀኑን ስትቆርጡ ደውልልኝ። ጃንጥላውና ሁለቱ ታጣፊ ወንበሮች ጋራዥ ውስጥ ናቸው፤ አክስትህ አሸዋውን አራግፋ አስቀምጣላችኋለች።