ጠቡን ያበረዱ ሴቶች ከእርቁ ሸንጎ ለምን ይጎድላሉ?

ስለ ጦርነት ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናጠናው የአዝማቾችንና የፈራሚዎችን ስም ነው። ከመካከል ገብተው ጠቡን ያቆሙትን ሰዎች ስም ግን እምብዛም አናገኝም። ስለዚህ ሴቶች በጠብና በሥርዓት ለውጥ ጊዜ ለሰላም ምን እንደሚሠሩ፣ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ባህል ተነሥቼ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ያገባች የሲዳማ ሴት የምትይዘው ሲቆ የሚባል በትር አለ። ይህ በትር የክብርና የሰላም ምልክት ነው እንጂ መማቻ አይደለም። ሁለት ወገኖች ሲጣሉ ሴቶች ሲቆአቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፣ ያንን አልፎ መማታት በባህሉ ትልቅ ነውር ነው። ደግሞም ያካ የሚባል የሴቶች ኅብረት አለ፤ መሪዋም ቃሪቴ ትባላለች። አንዲት ሴት በባሏ ብትበደል ሴቶቹ በአንድነት ወጥተው በዳዩ እንዲክስ ያደርጋሉ። ጎረቤቶቻችን የአርሲ ኦሮሞዎችም ሲንቄ የሚባል ተመሳሳይ በትር አላቸው፤ ሙሽራዪቱ በሠርጓ ቀን ከእናቷ ትቀበለዋለች።

ይህ ሥልጣን ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሴት ከአንዱ ጎሣ ተወልዳ በሌላው ጎሣ መዳሯ ነው። ጠብ ሲነሣ ወንድሟ በአንድ ወገን፣ ልጇ በሌላው ወገን ይቆማል። ማንም ቢያሸንፍ ሐዘኑ ከእርሷ ቤት አይቀርም።

«ሴትም እኮ ታዋጋለች» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ይባላል። ነገር ግን ቃሏ ሰውን ለጠብ የሚያነሣሣ ከሆነ፣ ለእርቅም እንደሚበቃ ይኸው ተረት ይመሰክራል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠቡ ከበረደ በኋላ ነገሩ ወደ ሶንጎ፣ ማለት ወደ ሽማግሌዎች ሸንጎ ይሄዳል፤ በዚያም በልማድ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። በአገር ደረጃም ያየነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲደረግ፣ ስለ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙት ወንዶች ነበሩ። ከአፍሪካ ኅብረት ሦስት አሸማጋዮች መካከል ግን አንዷ ሴት፣ የደቡብ አፍሪካዋ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ነበሩ።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1325፣ ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲካፈሉ ጠይቋል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት የላይቤሪያ ሴቶች አክራ ላይ የድርድሩን አዳራሽ ከበው ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ አገዱ። መሪያቸው ሌይማ ግቦዊ በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ተቀበለች። ሥራቸው ከእኛ ሲቆ ጋር ይመሳሰላል፤ እነርሱም የቆሙት ከበሩ ውጭ ነበር።

ወደ ከተማችን እንመለስ። በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. በሐዋሳና በሲዳማ በክልልነት ጥያቄ ምክንያት ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። እኔ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ይኸው ጥያቄ በድምፅ መስጫ ወረቀት ተወሰነ። ሕዝበ ውሳኔውን ያስፈጸመውን የምርጫ ቦርድ በሰብሳቢነት ይመሩ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ሴት ጠብ ከማብረድ አልፋ የለውጡን ሥርዓት ራሱን ልትመራ እንደምትችል ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ትምህርታችንን ከራሳችን ግቢ እንጀምር። ተማሪዎች ሲጣሉ ሴት ተማሪዎችን «ሂዱና አብርዱ» ብለን መላክ ብቻ አይበቃም፤ ነገሩ በሚታይበት ኮሚቴም አብረውን ይቀመጡ። በሲዳማ ሸንጎ ተናጋሪ «አፊኒ» ብሎ ይጀምራል፤ ትርጉሙ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ስለ ሴቶችም ሊጠየቅ ይገባዋል፤ እነርሱ ሳይሰሙ የተፈረደ እርቅ፣ ግማሹን ምስክር እንደተወ ፍርድ ነውና።