መንግሥት የኑክሌር ኃይልን የመከልከል የሞራል ግዴታ አለበት?

ጥያቄው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን ርዕደ መሬት መታት፤ ያስነሣው ሱናሚም የፉኩሺማ ዳይኢቺን የኑክሌር ማመንጫ አጥለቀለቀው። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ ውኃ ገብቷቸው ቆሙ፣ ማቀዝቀዣው ሥራ አቋረጠ፣ የሦስት ሬአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሠሩ የነበሩት ሬአክተሮች ገና መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በራሳቸው ጠፍተው ነበር። ነገር ግን የኑክሌር ነዳጅ ውኃ እንደ ተደፋበት ምድጃ ወዲያው አይበርድም። ሬአክተሩ ከጠፋ በኋላም ነዳጁ ለረጅም ጊዜ ሙቀት ያመነጫል፤ የሚያቀዘቅዘው ካጣ ራሱን ያቀልጣል።

ነገሩ ጀርመንን አስደነገጠ። የፊዚክስ ምሁር የነበሩት መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ገና በ2010 የማመንጫዎቹን ዕድሜ አራዝመው ነበር። ከፉኩሺማ በኋላ ግን ስለ ኃይል አቅርቦት የሚመክር የሥነ ምግባር ኮሚሽን አቋቋሙ። ከአባላቱ መካከል የካቶሊኩ ካርዲናል ራይንሃርት ማርክስና የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁሩ ኡልሪሽ ቤክ ይገኙበታል። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ መታመኑን እኔ እጅግ አከብራለሁ። ኮሚሽኑ ጀርመን በአሥር ዓመት ውስጥ ከኑክሌር መውጣት እንደምትችል መከረ፤ ፓርላማውም አጸደቀ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሬአክተሮች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ።

መብትና ግዴታ

መብትንና ግዴታን አናምታታ። አንድ ሕዝብ የኑክሌር ኃይልን «አልፈልግም» የማለት መብት አለው። ኦስትሪያ በስቬንተንዶርፍ ማመንጫ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ በ1978 ሕዝቧን ጠየቀች፤ 50.5 በመቶው እምቢ አለ፤ ማመንጫው አንድም ቀን ሳይሠራ ቀረ። ይህ መብት ነው። «ግዴታ አለ» ካልን ግን ሕዝቡ ቢፈልገውም እንኳ የፈቀደ መንግሥት በድሏል ማለታችን ነው። እንደዚያ ከሆነ ከግማሽ በላይ የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከኑክሌር የምታገኘው ፈረንሳይ በየቀኑ እየበደለች ነው። ይህን ያህል ከባድ ክስ ለማቅረብ ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋል።

ገና ያልተወለዱት

ከሁሉ የሚከብደኝ መከራከሪያ የኑክሌር ዝቃጩ ነው። በጥቅም ላይ ከዋለ ነዳጅ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም 239 በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። መብራቱን እኛ እናበራለን፤ ጥበቃው ግን ቋንቋችንን እንኳ ለማያውቁ ሰዎች ይተርፋል። እነሱን ማንም አላስፈቀደም። የጀርመን ሕግ ዝቃጩ የሚቀበርበት ቦታ ለአንድ ሚሊዮን ዓመት አስተማማኝ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለአሥርት ዓመታት ሲያወዛግብ የኖረው ጎርሌበን የተባለው ቦታ በ2020 ከምርጫው ወጥቷል። ፊንላንድ ግን በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ መቀበሪያውን ፈልፍላለች።

ይህ መከራከሪያ አዲስ ማመንጫ ልሥራ የሚለውን መንግሥት እንቅልፍ ሊነሣው ይገባል። ያለውን መዝጋት ግን የተጠራቀመውን ዝቃጭ አያጠፋውም። በኑክሌር ምትክ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቢሆን የሚወርደው ለእነዚያው ላልተወለዱት ነው።

በምትኩ ምን መጣ?

ቼርኖቤል በ1986 ሲፈነዳ ሁለት ሠራተኞች ወዲያው ሞቱ፤ 28 ሰዎች ደግሞ በጨረር ሕመም በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ቆየት ብሎ የታይሮይድ ካንሰር በሕፃናት ላይ በረታ። ይህን ማቃለል ነውር ነው። የከሰል ጭስ ግን ሳይፈነዳ፣ ዜና ሳይሆን፣ በየዓመቱ በሳንባና በልብ ሕመም ይገድላል።

ጀርመን ኑክሌርን በ2022 መጨረሻ፣ ከሰልን ደግሞ ቢዘገይ በ2038 ለመተው ወሰነች። በጃንዋሪ 2023 ፖሊስ ከሥሯ የሚገኘው ከሰል እንዲወጣ ሲባል የሉትሰራትን መንደር አስለቀቀ፤ ከሦስት ወር በኋላ የመጨረሻዎቹ ሬአክተሮች ከታቀደው ጥቂት ዘግይተው ተዘጉ። እውነት ነው፣ የንፋስና የፀሐይ ኃይል በእነዚህ ዓመታት በእጅጉ አድጓል። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ከሰሉ ቀድሞ ቢዘጋ ኖሮ ብዙ ሰው ንጹሕ አየር በተነፈሰ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስድ ክልከላን የሞራል ግዴታ ልለው አልችልም።

ታዲያ ግዴታው የቱ ጋ ነው?

የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 የፉኩሺማ አደጋ ሰው ሠራሽ ነው አለ። ተቆጣጣሪው አካል ሊቆጣጠረው ከሚገባው ኩባንያ ጋር ተመሳጥሮ ነበር። ከ15 ሜትር በላይ የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት ከአደጋው ሦስት ዓመት አስቀድሞ በኩባንያው እጅ ነበር፤ ግንቡ ግን ከፍ አላለም። ቼርኖቤልም እንዲሁ ነው። የሬአክተሩን የንድፍ ጉድለት የሚያውቁ ነበሩ፤ በፍንዳታው ሌሊት በሥራ ላይ ለነበሩት ግን አልተነገራቸውም። ከፍንዳታው በኋላም ሶቪየት ኅብረት ዝም አለች፤ ዓለም የሰማው ስዊድን ውስጥ በፎርስማርክ ማመንጫ ጨረር ከተለካ በኋላ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ የኑክሌር ኃይልን የመከልከል ግዴታ በሁሉም መንግሥት ላይ የለም። «ዝጋ» ሲል የሚደመጥ፣ ሚኒስትሩንም ኩባንያውንም የማይፈራ ተቆጣጣሪ የሌለው መንግሥት ግን ማመንጫውን ያለመሥራት ግዴታ አለበት። የባለሙያ ብዛትም ሆነ የገንዘብ ብዛት ይህን አይተካም፤ ጃፓን ሁለቱም ነበሯት።

ኢትዮጵያም የኑክሌር ኃይልን ለሰላማዊ አገልግሎት ለማዋል ከሩሲያ ጋር ስምምነት ተፈራርማለች። ጉዳዩ ክፍል ውስጥ ሲነሣ ተማሪዎቼ ስለ ሬአክተሩ ዓይነትና ስለ ወጪው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ፦ አደጋ የሸተተው ተቆጣጣሪ ሬአክተሩ ይቁም ብሎ በፈረመ ማግሥት ቢሮው ውስጥ እናገኘዋለን?