የድንች መርዝ የት የት ይገኛል?

በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ውኃ ቲማቲም እናለማለን። ድንቹ ከፋርጣ ደጋ ወደ ወረታ ገበያ ይወርድልናል። እምቧይና አስተናግር ደግሞ ማንም ሳይዘራቸው በየአጥሩ ሥር ይበቅላሉ። እነዚህ ሁሉ፣ በርበሬም ጭምር፣ የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው። የድንችን፣ የቲማቲምንና የእምቧይን አበባ ጎን ለጎን ብናይ ዝምድናቸው ያስታውቃል።

የዚህ ወገን ዕፅዋት በውስጣቸው መርዝ ያበጃሉ። መርዙ ከተባይና ከእንስሳት መከላከያቸው ነው። ታዲያ በሁሉም አካላቸው እኩል አይገኝም።

ድንችን እንውሰድ። መርዙ ሶላኒን ይባላል። በውስጠኛው ሥጋው ያለው በጣም ጥቂት ነው። በልጣጩ ይበዛል፤ በዓይኑ ዙሪያ ይብሳል። በጉንቁሉ፣ በአበባውና ትንሽ ቲማቲም በሚመስለው ፍሬው ደግሞ እጅግ ይበዛል። ቅጠሉም መርዝ አለበት። ድንች ብርሃን ሲያገኘው ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ያው ብርሃን ሶላኒኑንም ስለሚያበዛው ምልክት ይሆነናል። ድንችን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ክረምት ሲገባ ጎተራ ይጎድላል። ያን ጊዜ ለዘር ያስቀመጥነው ያጎነቆለ ድንች ዓይናችን ውስጥ ይገባል። «በደንብ ከተቀቀለ ምን ይሆናል?» የምንል አለን። ሶላኒን ግን በመቀቀል አይጠፋም። ድንቹ ጠንካራ ከሆነና ጉንቁሉ ትንሽ ከሆነ፣ ጉንቁሉን ከነዓይኑ ጎድጎድ አድርገን እናውጣ፤ አረንጓዴውንም ቆርጠን ልጣጩን ወፈር አድርገን እንላጥ። ከተጨማደደ፣ አረንጓዴው ከበዛ ወይም ከመረረ ግን መተው ነው። ልጣጩንም ለከብት አንስጥ። እንዲህ ያለው ድንች ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ሕፃን ቶሎ ይጎዳል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ውኃውን እንጂ ድንቹን አንጠረጥርም።

ቲማቲም በዚህ ይሻላል። በለጋው አረንጓዴ ፍሬ ያለው መርዝ ሲቀላ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። እምቧይ ግን ቢጫ ሆኖ ቢያምርም አይበላም። እረኞች ልጆቻችን ስለሚጫወቱበት ይህን እንንገራቸው።

ከሁሉም የከፋው አስተናግር ነው። ከሥሩ እስከ ፍሬው ሁለንተናው መርዝ ነው። ደቃቅ ፍሬው ከእህል ጋር ሊቀላቀል ይችላል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቀባጥራል። ይህን ዛር ነው ብሎ ቤት ማቆየት አይገባም፤ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። የበላውንም ነገር ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይረዳዋል። አስተናግርን ከማሳ የምንነቅለው እሾሃማው ፍሬ ደርቆ ሳይፈነዳ፣ ገና በአበባው ሳለ ነው።