ንጹሑን ፕሮግራም መወንጀል፦ የጸረ ቫይረስ የተሳሳተ ፍረጃና የአነስተኛ ከተሞች ሶፍትዌር አዘጋጆች

መግቢያ

ጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው አጥፊውን ፕሮግራም ሳያውቅ ማሳለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ንጹሑን ፕሮግራም አጥፊ ብሎ መፈረጅ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን የአዘጋጁ የግል ችግር ተደርጎ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የተሳሳተ ፍረጃ ከየት እንደሚመነጭ ያብራራል፤ ጉዳቱም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ለሚሠሩ አዘጋጆች ለምን እንደሚከብድ ይመረምራል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በዛሬው አሠራር ብዙም አለመታወቅ ራሱ የጥርጣሬ ምክንያት በመሆኑ፣ ለጥቂት ተጠቃሚዎች የሚጽፍ አዘጋጅ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

1. የስሕተቱ ምንጭ

ጸረ ቫይረስ በዋናነት በሦስት መንገድ ይፈርዳል። የመጀመሪያው ፋይሉን ከታወቁ ቫይረሶች አሻራ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው የፕሮግራሙን ባሕርይ መመዘን ነው። ሦስተኛው ዝና ነው፤ ፋይሉ በስንት ኮምፒውተሮች ታየ፣ ማን ፈረመበት፣ ከመቼ ጀምሮ ይታወቃል ተብሎ ይጠየቃል።

ሦስቱም ንጹሑን ሊያሰናክሉ ይችላሉ። በፓይዘን የተጻፈ ሥራ ፓይኢንስቶለር በተባለው መሣሪያ በአንድ ፋይል ሲጠቀለል፣ የቫይረስ ጸሐፊዎችም በዚሁ መሣሪያ ስለሚገለገሉ አሻራው ሊመሳሰል ይችላል። የላቲን ቁልፎችን ምት ወደ ግዕዝ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ደግሞ ምቶቹን ከሌላው ፕሮግራም ቀድሞ መቀበል ሊኖርበት ይችላል፤ የይለፍ ቃል ሰራቂ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ዓላማው ቢለያይም፣ መመዘኛው የሚያየው ድርጊቱን ነው።

ስሕተቱ ታላላቆቹንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 የሲማንቴክ ጸረ ቫይረስ በቻይንኛ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሁለት የሥርዓቱን ፋይሎች ቫይረስ ብሎ ፈረጀ። በኤፕሪል 2010 ደግሞ የማካፊ ዝመና የዊንዶውስ ኤክስፒን ወሳኝ ፋይል በመፈረጁ በርካታ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጪ ሆኑ። ሁለቱም ስሕተቶች ብዙ ሰው ስለ ነኩ ወዲያው ተሰምተው ታረሙ። ለአሥር ድርጅቶች ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ሲፈረጅ ግን የሚጮኽለት የለም።

የብዙ ጸረ ቫይረሶችን ፍርድ በአንድነት የሚያሳየው ቫይረስ ቶታልም ሌላ ፈተና አለው። ለምሳሌ ያህል 70 መርማሪዎች እያንዳንዳቸው ከ1,000 ንጹሕ ፋይሎች በአንዱ ብቻ ይሳሳታሉ፣ ስሕተታቸውም አንዱ ከሌላው ነጻ ነው ብንል፣ አንድ ንጹሕ ፋይል ቢያንስ በአንዱ የመፈረጁ ዕድል ወደ 7 በመቶ ይደርሳል። ደንበኛው ግን የሚያየው ቀዩን ምልክት እንጂ ስሌቱን አይደለም።

2. የአካባቢው ሁኔታ

አንድ ወጣት ባለሙያ በቡሬ ለመድኃኒት መደብር የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ወይም በፍኖተ ሰላም ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መመዝገቢያ አዘጋጀ እንበል። ሥራው በፍላሽ ዲስክ ይተላለፋል፤ ተጠቃሚዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ፋይሉ ዝና የሚያፈራበት መንገድ ጠባብ ነው። ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቁጥርም፣ ፊርማ ከሌለው፣ አዲስ ፋይል ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል።

ዲጂታል ፊርማ መፍትሔ ቢሆንም ዋጋው በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሬ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ወዲህ ደግሞ የፊርማው ቁልፍ ደኅንነቱ በተረጋገጠ ሃርድዌር ውስጥ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆኗል።

የእርማቱም መንገድ ረጅም ነው። ኩባንያው ስሕተቱን ቢያምን እንኳ እርማቱ የሚደርሰው በኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የገባው የተሳሳተ ፍረጃ ይቆያል፤ እርማቱ ግን አይገባም።

3. የተለመደው መፍትሔ አደጋ

በዚህ የተጨነቀ አዘጋጅ ደንበኛውን “ጸረ ቫይረሱን አጥፋው” ማለት ይቀልለዋል። ይህ ምክር ከፍረጃው የከፋ ነው። ፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚዞርበት አካባቢ፣ ጥበቃው የጠፋበት ኮምፒውተር ለእውነተኛው ቫይረስ ክፍት በር ይሆናል። ከዚህም በላይ ተጠቃሚው ማስጠንቀቂያን መናቅ ይለምዳል፤ ነገ አጥፊው ፕሮግራም ሲመጣም በዚያው ልማድ ያሳልፈዋል።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

አዘጋጁ በአቅሙ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ተግባራት አሉ። ሥራውን በአንድ ፋይል ከመጠቅለል ይልቅ በአቃፊ ማድረስ፤ ከማሠራጨቱ በፊት ማስመርመርና ለፈረጀው ኩባንያ የእርማት ጥያቄ ማቅረብ፤ አስገዳጅ ሲሆንም ጥበቃውን በሙሉ ሳያጠፉ ያንን ፋይል ብቻ ከምርመራ ነጻ ማድረግ ይገባል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን የጋራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የአካባቢ አዘጋጆችን ሥራ መርምረው በአንድ ተቋማዊ ፊርማ የሚያወጡበትን አሠራር ቢዘረጉ፣ ወጪው ይከፋፈላል፤ በአንዱ ሥራ የተገኘው ዝናም ለሌላው ይተርፋል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለአገር ውስጥ ማረጋገጫ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። ሆኖም የአገር ውስጥ ሰርተፊኬት ለዚህ ዓላማ የሚጠቅመው፣ የማረጋገጫው ምንጭ ማይክሮሶፍት በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ ነው። ይህን ማስፈጸም ከአንድ ግለሰብ አቅም በላይ በመሆኑ የተቋማትን ጥረት ይጠይቃል።